ውፍረትን ለመቀነስ ስለሚደረግ ቀዶ ሕክምና፤ ስለ መወሰኑና ስለ መሰናዳቱ

በቀድሞው ዘመን በአገራችን የሰው መወፈር የድሎት ምልክት ሆኖ ይቈጠር ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ወዳጆች «ወፈርክ፤ አማረብህ» ሲባባሉ ምስጋና እንጂ ነቀፋ አልነበረም። ረኃብና ተላላፊ በሽታ ብዙ ሰው በፈጀበት አገር ይህ አስተያየት የሚያስገርም አይደለም። አሁን ግን በከተሞቻችን፣ ይልቁንም ተቀምጠው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊት፣ ከጕልበት ሕመምና በእንቅልፍ ጊዜ ከሚደርስ የትንፋሽ መቋረጥ ጋራ ተያይዞ ሰውን ወደ ሐኪም ቤት የሚያመጣ ምክንያት ሆኗል። ከዚህም የተነሣ ውፍረትን ለመቀነስ ስለሚደረገው ቀዶ ሕክምና የሚጠይቁን ሰዎች ጥቂቶች አይደሉም፤ ከእነርሱም መካከል መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ይገኛሉ።

ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፤ ስንት ብር ያስወጣል፣ ስንትስ ኪሎ ያስቀንሳል የሚል ነው። እኛ ግን ከእነዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ እንዳለ ለማስረዳት እንወዳለን። የሐኪሙ ሥራ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል፤ የታካሚው ሥራ ግን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ወራት፣ ከዚያም በኋላ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ሰው የሚወስነው ስለ አንድ ቀን አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለሚበላው፣ ስለሚጠጣው፣ በየቀኑ ስለሚውጠው ቫይታሚንና በየዓመቱ ስለሚያስመረምረው ደሙ ጭምር ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ አስተያየት ማረም ይገባናል። አያሌ ሰዎች ይህ ቀዶ ሕክምና ከሆድ ላይ ሥብ ቈርጦ ማውጣት ይመስላቸዋል። ሥብን በቀጭን ቧንቧ መጥጦ ማውጣት መልክን ለማሳመር የሚደረግ ሌላ ሥራ ነው፤ ስኳር በሽታንም ሆነ የደም ግፊትን አይፈውስም። እኛ የምንናገርለት ቀዶ ሕክምና ሥቡን አይነካም፤ የሚለውጠው ጨጓራንና አንጀትን ነው። ሥቡ የሚቀልጠው ሰውየው ረኃቡ ስለሚቀንስና ጥቂት ስለሚበላ፣ ኋላ ቀስ በቀስ ነው።

ሥራው አዲስ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ክሬመን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ምግብ በአብዛኛው ቀጭን አንጀት እንዳያልፍ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ለዓለም አሳወቁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ታካሚዎቹ በርግጥ ከሱ፤ ነገር ግን ምግቡ ወደ ደም ሳይገባ እየወጣ ብርቱ ተቅማጥ፣ የኵላሊት ጠጠርና የጕበት መበላሸት ስላስከተለባቸው ያ ሥራ ኋላ ተተወ። በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰንና ቺካሺ ኢቶ የጨጓራውን ላይኛ ክፍል ለይተው ከአንጀት ጋራ የማገናኘቱን ዘዴ ጀመሩ። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህም ሆድን በሰፊው ሳይከፍቱ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ መሥራት፣ ማለት ላፓሮስኮፒ፣ ስለ ተለመደ የቍስሉ ሕመምና የመተኛው ጊዜ እጅግ ቀንሷል። ይህን ታሪክ ያነሣንበት ምክንያት መክሳት ብቻውን የመልካም ሕክምና ምስክር አለመሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

በዛሬው ጊዜ አብዝተው የሚሠሩት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው ከጨጓራው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጠውን ቈርጦ አውጥቶ የቀረውን እንደ እጅጌ ጠባብና ረጅም አድርጎ መተው ነው። ተቈርጦ የሚወጣው ክፍል ግሬሊን የተባለውን ረኃብ ቀስቃሽ ቅመም በብዛት የሚያመነጨው ስለ ሆነ፣ ሰውየው የሚጠግበው ቦታው ስለ ጠበበ ብቻ አይደለም፤ መራቡም ራሱ ይቀንሳል። የወጣው ጨጓራ ተመልሶ አይገባም። ደግሞም ቃር የሚያሠቃየው ሰው ይህ ዓይነት ሥራ ሕመሙን ሊያብስበት ስለሚችል አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ሁለተኛው በጨጓራው አናት ላይ 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ለይቶ በቀጥታ ከቀጭኑ አንጀት ጋራ ማገናኘት ነው። ምግቡ የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ከአንጀት የሚመነጩ የጥጋብና የስኳር ተቈጣጣሪ ቅመሞችም ስለሚበረቱ፣ በብዙ የስኳር በሽተኞች ላይ ኪሎው ገና ብዙ ሳይቀንስ ስኳሩ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሲወርድ ታይቷል። በአንጻሩ ጣፋጭ ነገር የበላ እንደ ሆነ ምግቡ በድንገት ወደ አንጀት ስለሚወርድ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ማዞርና ተቅማጥ ሊያስከትልበት ይችላል። ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ቢ12 የተባሉት ንጥረ ነገሮችም እንደ ልብ ወደ ደም አይገቡም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በደፈናው መናገር አይቻልም፤ እንደ ሰውየው በሽታ ይለያያል።

ይህ ሕክምና ለማን ይገባል? ልኬቱን መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋራ በሰሌዳ ላይ ሊሠሩት ይችላሉ። ክብደትን በኪሎ ግራም ይዞ፣ ቁመትን በሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛትና ክብደቱን ለዚያ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1.65 ሜትር፣ ክብደቱ 112 ኪሎ የሆነ ሰው፣ 1.65 በ1.65 ሲባዛ 2.72 ያህል ስለሚሆን፣ 112 ለዚህ ሲካፈል 41 ያህል ይመጣል። ከ30 ጀምሮ ያለው ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሰበሰቡ ዐዋቂዎች ቀዶ ሕክምናው 40 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ወይም 35 ሆኖ ብርቱ ተዛማጅ በሽታ ላለበት ሰው እንዲሆን መክረው ነበር። በ2022 ዓ.ም. ግን ሁለት ዓለም አቀፍ ዝና ያላቸው የሙያው ማኅበራት ድንበሩን ዝቅ አድርገው፣ 35 ለደረሰ ሰው ሁሉ እንዲመከር፣ 30 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ በሽታ ላለበትም እንዲታሰብ ወሰኑ። ቍጥሩ ግን የበሩ መግቢያ ነው እንጂ ፍርዱ አይደለም። ለሰርግ ቀን ልብሱ ልክ እንዲሆን 8 ወይም 10 ኪሎ ለመቀነስ የሚሻ ሰው ይህ ሕክምና የእርሱ አይደለም። ምግቡን አስተካክሎ በእግሩ ቢሄድ ይበቃዋል። በቅርብ ዓመታትም በመርፌ የሚወሰዱ፣ የምግብን ፍላጎት የሚቀንሱ መድኃኒቶች ተገኝተዋል። ሴማግሉታይድ የተባለው በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ ለክብደት መቀነሻ ተፈቅዷል። ዋጋቸው ውድ ነው፤ ሲያቋርጧቸውም ክብደቱ ይመለሳል። ቢሆንም ቢላዋ ከመምረጥ በፊት ከሐኪም ጋራ ስለ እነርሱም መነጋገር ይገባል።

ጥቅሙ በሚገባ ተመርምሯል። በስዊድን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 2,010 ሰዎችና ያልተደረገላቸው 2,037 ወፍራም ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲጠኑ ቈይተው፣ በ2007 ዓ.ም. በወጣው ዘገባ ከመጀመሪያዎቹ 101፣ ከሁለተኞቹ 129 ሰዎች መሞታቸው ተገልጿል። ከአገልግሎቱ ይልቅ ማስታወቂያውን የሚያበዙ ሰዎች «አዲስ ሕይወት ይሰጣል» ሲሉ አንባቢ ይህን ቍጥር ያስታውስ፤ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ብዙ ሰው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከክብደቱ አንድ አራተኛ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ያወርዳል፤ ከዚያም በኋላ ከወረደው ጥቂቱ ሊመለስ ይችላል። የተለጠጠው የሆድና የክንድ ቆዳ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠጉር ይሳሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተመልሶ ይበቅላል። በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠርን ያመጣል። ሞትም አለ፤ መልካም ልምድ ባላቸው ሐኪም ቤቶች ከሺህ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ይሆናሉ። ዋነኞቹ ምክንያቶች የተሰፋው ቦታ ማፍሰሱና በእግር ሥር ውስጥ የረጋ ደም ወደ ሳንባ መሄዱ ናቸው።

እንግዲህ ውሳኔው ወዴት ያዘነብል? ባሕር ማዶ ሳለን ባየነው አሠራር ታካሚው ቀን ከመቀበሉ በፊት ከቀዶ ሐኪሙ፣ ከምግብ ዐዋቂውና ከአእምሮ ሐኪሙ ጋራ ለየብቻ ይነጋገር ነበር። ይህ አሠራር ሊመሰገን የሚገባው ነው። ስለ ኀዘን ወይም ስለ ጭንቀት የሚበላ፣ ሌሊት ተነሥቶ ሳያቋርጥ የሚጐርስ ሰው፣ ጨጓራው ቢጠብም ኀዘኑ አይጠብም። አስቀድሞ ያ ሕመሙ መታከም አለበት። መጠጥም ብርቱ ነገር ነው። በተለይ ከሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ ጠጅም ሆነ አረቄ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል፤ ቀድሞ በብዙ የማይሰክር ሰው በጥቂት ይሰክራል፤ ከዚህ በፊት ጠጪ ያልነበሩ ሰዎችም ከዚህ ሕክምና በኋላ የመጠጥ ሱስ ያደረባቸው አሉ። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴት ከ12 እስከ 18 ወር መቈየት ይገባታል። ክብደት ሲቀንስ ማኅፀን ቶሎ ስለሚይዝ፣ የሚዋጠውም የወሊድ መከላከያ ከሁለተኛው ዓይነት በኋላ ስለማያስተማምን፣ ሌላ ዓይነት መከላከያ አስቀድማ ከሐኪም ጋራ ትምረጥ። «ባል እንዳገኝ ልክሳ»፣ «ባለቤቴ ካልከሳሽ እተውሻለሁ ብሎኛል» የሚሉ ምክንያቶች ሲነገሩ እንሰማለን። በሰው ግፊት የተቀደደ ሰው ግፊቱ ሲቀር የሚጠብቀውን ሥርዐት መጠበቅ ይከብደዋልና፣ እንዲህ ያለው ሰው ቢዘገይ ይሻለዋል ብለን እናምናለን።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ብዙዎች የሚያስቡት የአውሮፕላንን፣ የሐኪምንና የመኝታን ዋጋ ነው። ቤት ወይም መሬት ሸጦ የሚሄድ እንኳ አይታጣም። ነገር ግን በየቀኑ የሚዋጠው የቫይታሚን፣ የብረትና የካልሲየም ክኒን፣ የቢ12 መርፌ፣ በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዐሥራ ሁለተኛው ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ የሚደረገው የደም ምርመራ ዕድሜ ልክ ወጪ አለው። ይህን ከደመወዙ ጋራ ሳያስተያይ የሚሄድ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደም ማነስና በዐጥንት መሳሳት ሊቀጣ ይችላል።

አሁን ወደ መሰናዳቱ እንምጣ። በመጀመሪያ የስኳር፣ የጕበት፣ የኵላሊት፣ የደም መጠንና የቫይታሚን ምርመራ ይደረጋል። በብርቱ የሚያንኰራፋና ቀን ቀን የሚያንቀላፋ ሰው በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሹ ይቋረጥ እንደ ሆነ መመርመር አለበት፤ ይህ ሳይታወቅ ማደንዘዣ መውሰድ አደጋ ነው። በአገራችን እጅግ የተስፋፋው ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ተሕዋስም አስቀድሞ ተመርምሮ ቢገኝ ይታከም፤ በሁለተኛው ዓይነት ተለይቶ የሚቀረውን ጨጓራ ኋላ እንደ ልማድ በአፍ በሚገባ መሣሪያ ማየት አይቻልምና። ሲጃራ የሚያጤስ ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ያቁም፤ ትንባሆ የስፌቱን መዳን ያዘገያል፣ ቍስልንም በጨጓራ ውስጥ ያበቅላል። ጫት የሚቅም ሰው ለማደንዘዣ ሐኪሙ ሳይሸሽግ ይንገር። በየመድኃኒት ቤቱ ለወገብና ለራስ ምታት የሚገዙት ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና በኋላ ቍስልና ደም መፍሰስ ስለሚያመጡ፣ እነርሱን የለመደ ሰው ሌላ ማስታገሻ አስቀድሞ ይፈልግ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ታካሚው እጅግ ጥቂት እንዲበላ የሚታዘዝበት ምክንያት ብዙ ሰው አይገባውም፤ አንዳንዱም ለቅጣት ይመስለዋል። ምክንያቱ ጕበት ነው። የጕበት ግራ ክንፍ በጨጓራው ላይ ተደፍቶ ይገኛል፤ ሐኪሙም ወደ ጨጓራ ለመድረስ ወደ ላይ ሊያነሣው ይገባል። በወፍራም ሰው ሥብ የሞላው ጕበት ትልቅ፣ ከባድና በቀላሉ የሚደማ ነው። ጥቂት ስኳርና ሥብ፣ በቂ ፕሮቲን ያለው ምግብ ለሁለት ሳምንት ብቻ ቢበላ ጕበቱ የሚታይ ያህል ይቀንሳል። በእነዚህ ቀኖች ግን ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ የስኳር በሽተኛ መጠኑ ካልተቀነሰለት ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ ምግቡን ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። በዋዜማው ሌሊት «የመጨረሻ ግብዣ» ማድረግ በአንዳንድ ዘንድ ልማድ ሆኗል፤ የሁለቱን ሳምንት ድካም የሚያፈርስ ነው።

ቤተ ሰብንም ማሰናዳት ያስፈልጋል፤ ይህን በመጻሕፍት ያላገኘነው፣ ለእኛ አገር ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነው። እኛ በአንድ መሶብ ዙሪያ እንበላለን፤ ሰው ስንት እንደ በላም አይለካም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግን ለብቻ በትንሽ ሳሕን መብላት፣ ጉርሻውን የሽምብራ ያህል አድርጎ እስኪልም ማላመጥ፣ ሠላሳ ደቂቃ ሳያልፍም በምግብ ላይ ውሃ አለመጠጣት ግዴታ ነው። አማት በፍቅር ያጐረሰችው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጨጓራውን ዘግቶ ማስታወክን ያመጣል። ስለዚህ ጉርሻ የማይቀበለው ስለ ምን እንደ ሆነ ለዘመድ አስቀድሞ መንገር ከኋላ ቅያሜ ያድናል። ሲከሳም «ምን ያዘው?» የሚል ሐሜት ስለሚነሣ ቤተ ሰቡ የሚመልሰውን ይወቅ።

ምግቡ በየደረጃው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚጠጣ ነገር፣ ቀጥሎ ተፈጭቶ የላመ፣ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ምግብ፣ ከዚያም በኋላ የተለመደው ይፈቀዳል። ቀጭን ሾርባ፣ ወተት፣ እርጎ፣ የላመ ሽሮ፣ የተፈጨ ምስር፣ በደንብ የተቀቀለ እንቁላል ለዚህ ይመቻሉ። ለስላሳ ዳቦና እንጀራ በትንሹ ጨጓራ ውስጥ እንደ ሊጥ ስለሚጣበቁ በመጨረሻ ይመጣሉ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ብቻ እንዳለው ሲታሰብ፣ ጥቂት ለሚበላ ሰው ይህን መሙላት ቀላል እንዳልሆነ ይታያል። የዓመቱ እኩሌታ ያህል የጾም ቀን በሆነበት አገር፣ እንቁላልና ወተት በማይበላበት ወቅት ምስር፣ ባቄላና አተር በብዛት ካልተበሉ ጡንቻ ይከሳል። የሮመዳን ጾም ደግሞ ውሃንም ስለሚከለክል፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ለመጠጣት ለማይችል ሰው በመጀመሪያው ዓመት ኵላሊቱን የሚጐዳ ነው። በሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ የተሰጠ ፈቃድ ስላለ፣ የቀዶ ሕክምናው ቀን ከመቈረጡ በፊት ክርስቲያኑ ከነፍስ አባቱ፣ እስላሙም ከሼኹ ጋራ ቢነጋገር መልካም ነው።

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሲመለስ የሚከታተለውን ሐኪም በአገሩ ይፈልግ። ስፌት የሚያፈስ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ስለሚገለጽ፣ በረጅም በረራም ላይ ደም በእግር ስለሚረጋ፣ ቀዶ ሐኪሙ ሳይፈቅድ በሳምንቱ ተቻኵሎ አይሳፈር። የተደረገለትን የሥራ ዓይነት፣ ቀኑንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች የሚገልጽ ወረቀት በሚነበብ ቋንቋ ተጽፎ ይሰጠው። ትኵሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ወይም የግራ ትከሻ ሕመም፣ በዕረፍት ሳለ የልብ ምት በደቂቃ ከ120 መብለጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ የደረሰበት ሰው እስኪነጋ አይጠብቅ። ለጥቂት ቀኖች ያለ ማቋረጥ የሚያስታውክ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ1 ስለሚያልቅበት ዐይኑ ሊንቀጠቀጥ፣ እግሩ ሊዝል፣ አእምሮውም ሊደናገር ይችላል። ይህ ጕዳት በቶሎ ካልታከመ ሳይጠፋ ይቀራል። በየሐኪም ቤቱ የሚያስታውክ ሰው ሲመጣ ግሉኮስ መስጠት ልማድ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ታካሚ ግን ቢ1 ከግሉኮሱ አስቀድሞ ሊሰጠው ስለሚገባ፣ ወረቀቱ ላይ ይህም ተጽፎ በኪሱ ይያዝ፤ በቤቱ ያሉትም የት እንዳስቀመጠው ይወቁ።